ወርች ወይስ ኮቴ

መስከረም 5
ዛሬም ዝናብ። ከሆሳዕና መናኸሪያ እስከ ገበያ በጋሪ ስድስት ምልልስ። ጭቃው ለጉድ ነው። ዳማ ግን እንደልቡ። ማታ ገብሱን ጨርሶ አፍጥጦ አየኝ። ጨምር ማለቱ ነው። ፈረሴን አጉል አስለምጄዋለሁ።

መስከረም 6
ዳማ አነከሰ! ደህና ያደረ ፈረስ የፊት ግራ እግሩን መሬት አላስነካም አለ። አላበጠም፣ አልቆሰለም። አማቼ አባባ አቤሴሎም ከዶዮገና መጥተው ነበር። ከበር ላይ ሆነው ፈረዱ። "ወርቹ ነው። ቅዳሜ ብረቴን ይዤ እመጣለሁ፤ በፍም አግለን እንተኩሰዋለን።"
እሺ አልኩ። ለአማት እምቢ ይባላል እንዴ?
መስቀል ደርሷል፤ ዳማ ከተኛ ጋሪው ቆመ። ግን እውነቱን ልጻፍ፣ የጨነቀኝ ጋሪው አይደለም። እዚህ ከተማ ያነከሰ ፈረስ አስፋልት ዳር ይጣላል። ስንቱን አይቻለሁ... የኔ ዳማ እንደዚያ ሲቆም ማየት አልችልም።

መስከረም 7
ሚስቴ ገነቴ "መጀመሪያ ክሊኒክ ውሰደው" ብላ ነዘነዘችኝ። የአባቷን ብረት ከኔ በላይ ታውቀዋለች። ቅርብ የነበረው የእንስሳት ክሊኒክ፣ ዳማ በሦስት እግሩ እያነከሰ፣ ዛሬ ግማሽ ቀን ፈጀብን።
ሐኪሟ ነኢማ ወርቹን ጫን ጫን አደረገችው፤ ዝም። ኮቴውን በጉጠት ስትይዘው ግን ሊረግጠን! "ኮቴው ውስጥ መግል ቋጥሯል። መውጫ አጥቶ ነው የሚያሰቃየው" አለች። በቢላዋ ትንሽ ፋቀችው፤ አልወጣም። ጥልቅ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ወጋችው። ትእዛዟ፦ በቀን ሁለቴ ሞቅ ባለ የጨው ውሃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ መግሉን እንዲስብ ፉርሽካ በጨው ለውሶ ኮቴው ላይ ማሰር።
"ወርቹን እንዳትተኩሱት፣ አደራ!"
ለሷም እሺ አልኩ።

መስከረም 8
በፌስታልና በሲባጎ ያሰርኩት ፉርሽካ ጠዋት የለም። በልቶት ይሆን? ገነቴ ሳቀችብኝ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።" ከጓሮ ኮባ ቆርጣ፣ እሳት ላይ አለስልሳ፣ ኮቴውን ከነፉርሽካው ጠቀለለችበትና በቃጫ ጠፍራ አሰረችው። ፈረሱ ቢራገጥም ማሰሪያው ንቅንቅ አላለም።

መስከረም 9
ባሰበት። ገብስም እምቢ አለ። ነገ ቅዳሜ ነው... አባባ ልክ ቢሆኑስ?

መስከረም 10
አባባ ብረታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በጠዋት ደረሱ። ገነቴን ፍም አዘጋጂ አሏት።
"አባባ፣ መጀመሪያ ኮባውን ልፍታና..." ከዚህ የደፈረ ቃል አልመጣልኝም።
ቃጫውን ስፈታ ሽታው! ኮባው ላይ ጥቁር መግል ተዘርግፏል። ዳማ እግሩን መሬት አስነካ። አነሳ። ደግሞ አስነካ... ከዚያ ቆመበት! አለቀስኩ። ምን ያሳፍራል?
አባባ ጎንበስ ብለው መግሉን አዩት።
"ያቺ በቅሎዬ" አሉ። "ሁለቴ ተኮስኳት። ኮቴዋን አንድ ቀን አላነሳሁም።"
በቅሎዋን አውቃታለሁ። እያነከሰች ነው የጣሏት።
የተዘጋጀው ፍም ላይ በቆሎ ጠብሰን አብረን በላን።

መስከረም 15
ነኢማ ቀለል ያለ ጭነት ፈቀደች። ዳማ ሁለት ምልልስ ሠርቶ ገባ፣ ገብሱን ጨርሶ አፈጠጠብኝ። ጨመርኩለት! አሁን ጠዋት ጠዋት አራቱንም ኮቴ አነሳለሁ።
ማታ አባባ ደወሉ።
"ሆሴዕ፣ የጎረቤት ፈረስ ያነክሳል። ወርቹ ነው ይላሉ። እኔ ኮቴውን አንሱ አልኩ። ለፉርሽካው ስንት እፍኝ ጨው ነው?"
ነገርኳቸው። ከዚያ አላስችል አለኝ።
"ብረቱስ፣ አባባ?"
"እናታችሁ ምድጃ ትቆሰቁስበታለች።"