ስምንት ወር የሚፈጅ ጨርቅ

ለልጄ ለኔልቪ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ባታም ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እዚህ አላህ ይመስገን፣ ሽመናዬም እኔም ደህና ነን።

ማክሰኞ ጤና ጣቢያው አዲስ የጡት መመርመሪያ መሣሪያ መጣ ብሎ የመንደሩን ሴት ሁሉ ጠራ። ነርሷ መጀመሪያ ከላስቲክ የተሠራ ጡት ሰጥታን፣ ውስጡ የተደበቁትን እብጠቶች በጣታችን እንድንፈልግ አዘዘችን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አራቱንም አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ማን አስተማረዎት?» አለችኝ።

«አርባ ዓመት ክር ላይ ቋጠሮ ሲፈልግ የኖረ ጣት ምን አስተማሪ ያሻዋል?» ብላት ሴቱ ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ በመሣሪያው አየችን። ሌሎቹን አንዴ፣ እኔን ሦስቴ። ምስሉን ፓዳንግ ከተማ ላለ ሐኪም በስልክ ልካ፣ «ሰኞ ከሰው ጋር ይምጡ» አለችኝ። እግር የሌለኝ መሰላት እንዴ! ብቻዬን እሄዳለሁ።

አጎትሽ ደግሞ «እስቲ ሽመናውን ለጊዜው ተይው» ይለኛል። እኔም ትናንት ሆን ብዬ ስምንት ወር የሚፈጅ ድር ዘረጋሁ!

የቤታችን ጥለት ከእናት ወደ ሴት ልጅ በእጅ እንጂ በወረቀት ተላልፎ አያውቅም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ግን ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ ልኬልሻለሁ። ሣጥንሽ ውስጥ አኑሪው እንጂ እንዳትከፍቺው፤ ጨርቁን የምጨርሰው እኔው ነኝ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ።

እናትሽ ሮስኒዳ