ብረቴን በር ላይ ባለመተዌ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ አቶ ዐቦኮር፣ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ክፍል ኃላፊ
ጅግጅጋ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ልብዎስ? የእኔዋ፣ የእርስዎን ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት እየመታች መሆኗን በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ልቤ ስትሰንፍ የምትቀሰቅስ ባለባትሪ መሣሪያ ከግራ ትከሻዬ ሥር፣ ከቆዳዬ በታች ከተቀበረች ስድስት ዓመቷ ነው። አሁን ባትሪዋ ሊያልቅ ስለሆነ አዲስ አበባ ሄጄ ላስቀይር ይገባኛል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ የሚጻፈው እርስዎ በሚያስጠብቁት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ እነሆ፦

፩ኛ. ሴቶችን በእጇ ትፈትሽ የነበረችው ወይዘሮ ማርያን፣ የሚጮኸው መፈተሻ ከተገዛ ወዲህ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውራለች። ስለዚህ ጥበቃው ሮብሌ መፈተሻውን ደረቴ ላይ ሲያሳልፍ ጮኸ። እዚያ ላይ ማቆየት አደገኛ መሆኑን የሚናገረውን የሐኪም ካርዴን ባሳየው፣ ፎቶግራፍ የለበትም አለኝና መፈተሻው ተሳስቶ እንደሆን ለማጣራት እዚያው አቆየው። ለመፈተሻው ጤንነት ያሳየው ጭንቀት ያስመሰግነዋል።

፪ኛ. ማስታወቂያችሁ ማንኛውም ብረት በር ላይ ይቀመጥ ስለሚል፣ ከቱሊ ጉሌድ እንደመጡት ነጋዴዎች ቢላዋ እኔም ብረቴን ትቼ እንድገባ በትሕትና ጠየቀኝ፤ ስወጣ የምረከብበትን ቁጥር 14 የተጻፈበት ካርቶንም ሰጠኝ። በንብረት አያያዛችሁ አንድም ቅሬታ የለኝም።

፫ኛ. እውነት ብረት መሆኑን ለማረጋገጥ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አመጣና፣ ሴት ስለሆንሁ አክብሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በነጠላዬ ላይ ለጠፈው። ማግኔት ሲቀርባት መሣሪያዋ ልቤን ማዳመጥ ትታ በራሷ ፍጥነት ብቻ ትሠራለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለጉዳይ እንደማይሰማው መሥሪያ ቤታችሁ ሠራሁ። ክቡርነትዎ፣ በእውነት ፈራሁ፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ።

ሮብሌን ግን እንዳይቀጡብኝ። እንደ አክስቱ «ኤዶ» እያለ ውኃ አምጥቶልኛል፣ ወንበሩንም ለቆልኛል። እሱ የታዘዘውን ፈጸመ፤ ከትእዛዙ ሥር ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ማርያንን ለአምስት ደቂቃ ብቻ ቢያውሱኝ፣ በእጇ ተፈትሼ እገባለሁ።

ባትሪዬ እስከፈቀደች ድረስ አክባሪዎ፣
ቀለምወርቅ ደሬሳ
ኅዳር 2007 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ሐኪሙ ባትሪዋ ከሁለት ወር አታልፍም ብሎኛል። ብታልቅም ብረቷ ያው ብረት ነውና መፈተሻዎ እንደ ልማዱ ይጮኻል፤ ዝም የምለው እኔ ብቻ ነኝ። ቁጥር 14ን ይዛ የምትመጣው ልጄ ፌኔት ስለሆነች፣ ንብረቴን ለእሷ ያስረክቡልኝ።