ድንገተኛ ልምምድን ቀድሞ ስላለማሳወቅ

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ጌይለን ዊትኮምብ፣
በደቡብ ኮሪያ የሚገኘው የጦር ሰፈራችን የትምህርት ማዕከል ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎስ ተሻለው? ባለፈው ልምምድ ከጠረጴዛ ሥር ብዙ መቆየትዎን ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። እኔ በአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ክፍል የጥገና ኃላፊ የሆንኩት ሃምሳ አለቃ ድዌይን ፕሩዶም ነኝ። ለቢሮዎ በግል የጻፍኩት ሁሉ በእርጋታ ስለተኛ፣ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ይህንን በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቅይጥ ኮርሱ ላመስግን። ግማሹን በኦንላይን፣ ግማሹን ቅዳሜ ቅዳሜ በማዕከልዎ ክፍል ተምረን፣ አገር እየጠበቅን ዲግሪ እንደምንይዝ ነግረውን ነበር። እኔ የተመዘገብኩት ለማዕረግ እድገት ነው፤ ብወድቅም ብሎን ማጥበቄን አልተውም። አብራኝ የተመዘገበችው የክፍላችን ሕክምና ባለሙያ አስር አለቃ ኮሪን ሃስኬት ግን በበጋ ከውትድርና ተሰናብታ ዩኒፎርሟን ልታወልቅ ነበር። አገር ቤት ያለ የነርስ ትምህርት ቤት፣ የሰውነት አካላት ኮርሱን በዚህ የትምህርት ወቅት ጨርሳ ውጤቷን ከላከች ቦታዋን እንደሚጠብቅላት ጽፎላት ነበር። እንግዲህ ውለታዎን በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፤ የሰፈሩ ኢንተርኔት ልብና ሳንባን በሰላም አሳልፎን፣ ከወገብ በታች ስንደርስ «ጸያፍ ምስል» ብሎ ዘጋብን። ስናመለክትዎ ከበር ውጭ እንድናጠና መከሩን። ምክርዎን አክብረን ከበሩ ማዶ ባለው የእትዬ ኦም ኢንተርኔት ቤት፣ ጌም በሚጫወቱ ጎረምሶች መሀል ጥግ ያዝን። እትዬ ኦም ኑድል ሲያቀርቡልን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው። ይህን ሁሉ እያየች ምግብ እንዴት እንደሚወርድላት ኮሪንን ጠይቀዋት፣ «እትዬ፣ ከወታደር ቤት ምግብ ጋር ሲተያይ ይሄ ምኑ ያስጠላል?» ብላቸዋለች።

ሁለተኛ፤ የቤት ሥራው በአገር ቤት ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ እንዲዘጋ በመወሰኑ፣ እዚህ በጠራራ ፀሐይ ሄሊኮፕተር ሥር ተጋድመን መልስ መላክን ተለማመድን። ለዚህም ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሦስተኛው ምስጋና ግን ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

በማጠቃለያ ፈተናው ዕለት፣ ቅዳሜ፣ ወደ ማዕከልዎ እየመጣን ሳለ የድንገተኛ ልምምዱ ሳይረን ጮኸ። ትእዛዙን ያውቁታል፤ ወታደር ወደ ምድቡ ይሮጣል፣ ሲቪል በሩን ቆልፎ ይጠለላል። እኛ ሮጥን፤ እርስዎ ቆለፉ። ፈተናው ግን አልተሰረዘም። ተማሪ በሌለበት፣ መምህሩ መጠለያ በገባበት፣ በገዛ እጅዎ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ በሰዓቱ ተሰጥቶ፣ እኛ ሁላችን «ቀሪ» ተብለን ዜሮ ተሸለምን። በማዕከልዎ ደንብ መሠረት የሚቀር ተማሪ ከሦስት ቀን በፊት ማሳወቅ አለበትና።

ሰኞ ኮሪን ቢሮዎ ስትመጣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«አስር አለቃ፣ ልምምድ እንዳለ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ ምን ገዶኝ?» አሏት።

«ጌታዬ፣ ድንገተኛ እኮ ነው። አዛዡ ለሚስቱም አልነገራት።»

«እሱ የእናንተ የወታደሮቹ ጉዳይ ነው።»

«በሩን የቆለፉት እርስዎ ነዎት።»

«ደንብ ነዋ» አሉና ወደ ኮምፒውተርዎ ዞሩ።

ክቡር ሆይ፣ የድንገተኛ ልምምድን ቀን ቀድሞ አውቆ ለቢሮዎች የሚያሳውቅ ወታደር ስሙ ሰላይ ነው። ኮሪን ፈተናውን ለመውሰድ መጀመሪያ መሰለል፣ ቀጥሎም መታሰር ነበረባት ማለት ነው። ከእስር ቤት በኦንላይን ትቀጥል ነበር ይሉኝ ይሆናል።

ትሕትናዬ እዚህ ላይ ስላለቀ ይቅርታ። መምህሩ ፊርማዎን ብቻ ካመጣች በዚያው ዕለት ሊፈትናት ተዘጋጅቶ ነበር። ያስፈለገው አንድ ወንበርና የእርስዎ አንድ ፊርማ ነበር። እርስዎ ግን ጉዳዩን «በጥሞና እንደሚያዩት» ነግረዋት፣ ለማየት ወደ ጄጁ ደሴት ለእረፍት ሄዱ። ፀሐይ መትቶዎት ሲመለሱ የነርስ ትምህርት ቤቱ ቦታውን ለሌላ ሰጥቶታል። የእጅ አንጓ አጥንቶችን ስም እንደ እህት ወንድሞቿ ስም የምትጠራ ልጅ፣ ሌላ መውጫ ስላጣች ትናንት ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ውትድርና ፈርማለች። በሪፖርትዎ ላይ «በትምህርት ዕድል ምክንያት በሠራዊቱ የቆየች» ብለው እንደሚያስገቧት አልጠራጠርም።

ደንብዎ ከሚመጣብዎት ክፉ ሁሉ እንዲሰውርዎት እየተመኘሁ፣ የአንድ ሰዓት ፈተና ከልክለው ሦስት ዓመት ለሚቸሩ ለጋስ እጆችዎ በወታደራዊ ሰላምታ ተረከዜን አጋጫለሁ።

አክባሪዎ፣
ሃምሳ አለቃ ድዌይን ፕሩዶም

ማስታወሻ፦ ኮሪን ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በምግብ አዳራሹ በር ላይ «ከግዳጅዎ ሳይለዩ ይማሩ» በሚለው የማዕከልዎ ትልቅ ፖስተር ላይ እየሳቀች የምትታየው እሷ ናት፤ በመጀመሪያው ሳምንት እርስዎ ራስዎ ያነሷት ፎቶ ነው። ቁርስ ልትበላ ስትገባ በየጠዋቱ በዚያ ሣቅ ሥር ታልፋለች። እባክዎ ያውርዱላት። መሰላል ካጡ ከጥገና ክፍል እልክልዎታለሁ፤ መሰላሉን የሚይዝልዎ ሰው ግን ከሌላ ክፍል ይፈልጉ።