«ረጂ አላቸው» ብዬ የጻፍኩት

ውድ እትዬ የኔነሽ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎት የአክስቴ የኡሙሰልማ ልጅ ዑዘይር ነው። አንድ ቃል እንዳይዘል አደራ ብዬዋለሁ። እሱም ይስማው፤ ነገሩ እነሱንም ይነካል።

ከጦርነቱ በኋላ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ሊሰጥ ነው ተብሎ ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ላይ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። ጎረቤትዎ ስለሆንኩ ደስ አለዎት። «ዐሊማ ካለችበት እኛ አንረሳም» ብለው ለሰው ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ቤትዎ የመጣሁ ቀን የልጅ ልጅዎ እስከዳር ጥግ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ታነብ ነበር። ኪራይ ስለተጠራቀመ አከራዩ ልቀቁ እንዳላችሁ ነገሩኝ። ቀጥዬ ቅጹ ላይ ያለውን ጠየቅኩዎት።

«ውጭ አገር የሚረዳዎት ሰው አለ?»

ቀና ብለው እሷን አዩ።

«አባቷ አለ» አሉ። «ሳዑዲ ነው። ይደውላል።»

ልጅዎ ወንድምአገኘሁ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ቁጥሩን በስልኬ የምሞክርልዎት እኔ ነበርኩ፤ እንደማያነሳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቷ ፊት ስለሆነ እንዲያ እንዳሉ ገብቶኛል። በር ድረስ ሲሸኙኝም እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። እንደማውቅ ያውቁ ነበር።

እኔ ግን «ረጂ አላቸው» ብዬ ጻፍኩ። የተፈቀደልን ለስልሳ ቤተሰብ ብቻ ነበር፤ አክስቴ ስልሳ አንደኛ ነበረች። የእርስዎ ስም ሲወጣ የእሷ ገባ። እሷም እውነት ተቸግራ ነበር። የእርስዎ ግን ይብስ ነበር። ወላሂ፣ ስጽፈው አውቄዋለሁ።

በወሩ ቤቱን ለቃችሁ ኮምቦልቻ ገባችሁ። ከዚያ ወዲህ በደጃችሁ ባለፍኩ ቁጥር የጠሩኝ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ። አሁን የሚኖሩበት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል።

ባለፈው ረቡዕ ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ የተጠበሰ በቆሎ ሲሸጡ አገኘሁዎት። አቅፈው ሳሙኝ። እስከዳር እንዴት ናት ስልዎት ፍሙን ቆስቆስ አደረጉ።

«ሄደች» አሉኝ። «በባቲ በኩል፣ ከደላላ ጋር። አባቴን ፈልጌ እመጣለሁ ብላ። አሥራ ስድስት እንኳ በቅጡ አልሞላትም። ይኸው አራት ወር፣ ድምጿን አልሰማሁም።»

አጠገብዎ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጭራሽ እርስዎ እኔን ያጽናኑኝ ጀመር።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ። በአፌ አለ ያልኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ብናገር ኖሮ ታስገቢኝ ነበር።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በቆሎ ገዝቼ ሄድኩ።

እትዬ፣ እርስዎ ባሉት አይደለም። እኔ በጻፍኩት ነው። ሰኞ ዕለት ለኮሚቴው ሁሉንም ተናግሬ ቅጾቹን አስረክቤያለሁ። በሚቀጥለው ዙር ስምዎ ይገባል ብለውኛል። ገንዘቡ ልጅቷን እንደማይመልስ አውቃለሁ። የእስከዳርን ፎቶ ለዑዘይር ይስጡት፤ ባቲ ወርጄ ያየ ሰው እስካገኝ እጠይቃለሁ።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ አይተውኝ ፊትዎን ቢያዞሩ፣ ደብዳቤው እስከ መጨረሻው እንደተነበበልዎት አውቃለሁ።

ዐሊማ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ