ያልወጡት የአማርኛ ገጾች

ጳጉሜን 3፣ ጠዋት
መብራት አለ፣ ኔትወርክም አለ፤ ዛሬ መተማ አይመስልም። የመጨረሻውን ገጽ ጨረስሁ! ማስታወሻየ፣ ካንች በቀር ለማን ላውራ። ክረምቱን ሙሉ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተረጎምሁት መመሪያ እኮ ነው። የዚያ በነጻ የሚሰጠው የገበሬ ፕሮግራም፣ የታጨደ ሰሊጥ ታስሮ ከቆመ በኋላ የሚራገፍበትን ቀን በስልክ የሚያስታውሰው። ከዘገዩ ፍሬው መሬት ላይ ነው። ከገጹ ራስ ላይ የዛሬን ቀን እንደ ደንቡ በቁጥር ጻፍሁ፣ ላክሁ። ገጾቹን ሰብስቦ ድረ ገጽ ላይ የሚያወጣው መ/ር ጌታነህ ነው፣ የት/ቤቱ የኮምፒዩተር አስተማሪ።

ጳጉሜን 5
ጌታነህ ደወለ። እትየ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ስህተት የለበትም፣ ወጥቷል አለኝ። በስልኩ ላይ እልል አልሁበት። ጎረቤት ማን ወለደ ብሎ መጣ። እኔ ነኛ! ልከፍተው ስል ኔትወርክ ጠፋ። ይሁን፤ እሱ ካለ አለ።

መስከረም 12
ዘውዴ መጣች፣ የማኅበራችን ገበሬ። ወደ ቋራ ማሳዋ ልትወጣ ነው፤ እዚያ ኔትወርክ የለም፣ መመሪያውን ከዚሁ ስልኳ ላይ እንድጭንላት ፈለገች። ከፈትሁ። እንግሊዝኛ። ሌላም ገጽ፣ እንግሊዝኛ። «አንች ብርሃኔ፣ ይኸ የፈረንጅ ነው፤ ያንችው የታለ?» ስልክሽ ነው አልኋት። በእኔም ያው። ለመ/ር ጌታነህ ደወልሁ፤ ይዘገያል፣ ታገሱ አለ። ወደ ማሳዋ የሚወስዳት ትራክተር ግን አይታገስም። ሄደች፣ ባዶ ስልክ ይዛ። አፈርሁ።

መስከረም 14፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ራሴ ሞከርሁት። ገጾቹን የሚያወጣውን ትእዛዝ ጌታነህ አስተምሮኛል፤ ኮምፒዩተሬ ላይ፣ ጥቁሩ መስኮት ውስጥ ጻፍሁ። ሁሉም አረንጓዴ። አማርኛ ግን የለም! የትኛው ገጽ ይውጣ የሚለውን ፋይል ከፈትሁ። አንድ መስመር፦ የአማርኛውን ማኅደር ዝለል። ያስገባው፣ ጌታነህ። ቀኑ በፈረንጅ ነው፤ ወደኛው መለስሁት። ያ የደወለልኝ ቀን።

መስመሩን አጠፋሁ። ደግሜ አዘዝሁ። ቀይ! ወር 13 የሚባል የለም ይላል። ሳቄ መጣ። ጳጉሜን! የነሐሴዎቹን ገጾች 12 እያልሁ አሳልፎልኝ፣ ጳጉሜን ላይ ቆመ። በፈረንጅ ቀን ቀየርሁት፤ አማርኛየ ወለል ብሎ ወጣ።

ከዚያ ሳቁ ደረቀብኝ። ይህን ቀይ መስመር እሱም አይቶታል። እትየ፣ ቀኑን ይቀይሩ ቢለኝ ያልቅ ነበር። እልልታየን እየሰማ ዝም አለ።

መስከረም 15
ባጃጅ ተራ አገኘሁት። ለምን? አልሁ። ደስታዎን እንዳላበላሽ ብየ፣ የእንግሊዝኛውም እንዳይቆም፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብየ ረሳሁት... መሬት መሬት እያየ። ደስታየን! ማን ጠብቅልኝ አለው? ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልጄ ነው ብየ ያመንሁት ሰው።

ለዘውዴ የማራገፊያውን ገጽ በእጄ ገልብጫለሁ፤ ነገ ወደዚያ በሚወጣ ትራክተር ይሄዳል።

ማስተካከያውን ልልክ ስል ድረ ገጹ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ምን ተቀየረ? «የአማርኛው ክፍል ሆን ተብሎ ተዘሎ ነበር፤ መልሸዋለሁ» ብየ ጻፍሁ። ማን ይመርምረው? እስከ ዛሬ የጌታነህን ስም ነበር የማስገባው። እጄ ወደዚያው ሄደ፣ መለስሁት። ይህንኑ መመሪያ ወደ ስዋሂሊ የምትተረጉመውን ሴት መረጥሁ፤ አይቻት አላውቅም። አማርኛ አታነብም። ቀዩን ግን ቀይ ትለኛለች።