ምሰሶውን የዞረው ገመድ

ውድ እትዬ፣ ለሰው ተንፍሼው የማላውቀውን ልነግርሽ ነው፤ ያኔ ተጣልተሽ ከቤት ከወጣሽ በኋላ ለአባባ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶ ነበር። ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ጤናሽን መጠየቅ ያሳፍራል፤ ቢሆንም እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይ? እኔ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ሥራዬ ያው ነው። ዓይን የማያያቸው፣ ከሰማይ የሚወርዱ ቅንጣቶች ሲያልፉ የሚመዘግብ መሣሪያ በሚሠራበት ቤት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እበይዳለሁ። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ በመዳፌ ውስጥ እያለፉ ነው፤ በአንቺም እጅ ሳይነኩሽ ያልፋሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ስታርፍ አረንጓዴው ቦርድ ከላይ የታየ ከተማ ይመስለኛል፤ መንገዱ ሁሉ ብርማ፣ ሰው የሌለበት።

የነደፈችው ወጣት መሐንዲስ ናት፤ እማማ መነጽር ትለኛለች። እንዳስረዳችኝ ቦርዱ ያየውን ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይጠብቃል። ትሪገር የሚሉት ውሳኔ ሰጪ ከወዲያኛው ክፍል “ይህን አስቀምጥ” ብሎ ካልላከበት፣ በላዩ ላይ አዲሱን ይጽፍበታል።

ባለፈው ሳምንት ስንሞክረው ስክሪኑ ባዶ ሆነ። የእኔን ብየዳ ጠረጠሩ፤ ቀኑን ሙሉ በአጉሊ መነጽር ስፈልግ ዋልኩ፣ ምንም የለም። በኋላ ንድፏን ሳየው ውሳኔውን ወደ ቦርዱ የሚያመጣው ገመድ ቀጥ ብሎ ተሥሏል። “ልጄ፣ የዘረጋሁት እኔ አይደለሁ? ምሰሶውን ዞሮ፣ በጣሪያ ወጥቶ ነው የሚመጣው” አልኳት። ግንባሯን በመዳፏ መታ አድርጋ “አዪ እማማ! ለካ ውሳኔው እስኪደርስ ጠብቆ ጠብቆ ደምስሶታል” አለች። የመዘግየቱ ልክ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያነሰ ነው አሉ። የሚይዝበትን ቦታ አሰፋችለትና በየድኩት። ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ብቅ ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ግን ያለፈውስ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኳት። “የጠፋው ጠፋ” አለችኝ እየሳቀች።

እንደተቀመጥኩ አንቺ ታየሽኝ። አባባ ደብዳቤሽን ለሰው አስነብበሽ ነይ ብሎ ሲሰጠኝ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። እመጣለሁ ብለሽ እንደሆነ አባባን ትወስጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ለማንም ሳላሳይ ዞሬ ዞሬ ተመለስኩና “ደህና ናት፣ አትጠብቁኝ ብላለች” አልኩት። ከስንት ዓመት በኋላ ማንበብን ብቻዬን ስማር በመጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። “ይቅር ካላችሁኝ እመጣለሁ፤ ሦስት ወር እጠብቃለሁ” ይላል። እኔ ሳነበው አባባ አርፎ ነበር።

እትዬ፣ እሱ ዝም አላለሽም። በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቱን ያቀና ነበር። እኔን ብትቀየሚኝ እውነትሽ ነው፤ እሱን ግን ከእንግዲህ አትቀየሚው።

ባለቤትሽን፣ ነርሷን ልጅሽን፣ ነገር ሳይገባው የሚስቀውን አማችሽን፣ መንትዮቹንም በየተራ ሳሚልኝ።

ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ግንቦት 9 ቀን
ታናሽሽ

ተቀባይ፦ ታላቅ እህቴ፣ በገዛ እጇ፤ ሌላ ሰው አያንብብላት።