ደጃችን የታሰረው ሙክት

ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን ለናሁሰናይ። አዲስ አበባ እንዴት ይዛሃለች፣ ልጄ? እኛ እመቤቴ ትመስገን ደኅና ነን፤ በቆሎው አምሮልናል፣ ላሟም ወልዳለች። የምትወደውን ቅቤ አንጥሬ በሰው ልኬልሃለሁ።

እኅትህ ያይኔአበባ ቡሬ ከተማ ሄዳ የምትጽፍበትን ጋዜጣ በስልኳ አይታ መጣች። «ከባለሥልጣኖች ጋር እራት መብላት የሚፈልግ ከፍሎ በናሁሰናይ በኩል ይመዝገብ» ይላል ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አነበበች። ሰዉም እልል አለልህ።

በማግስቱ ጎረቤታችን አያ ቢሰጥ ሙክት እየጎተቱ መጡ። «የመሬቴን ነገር የሚሰማኝ አጥቻለሁና ልጅሽ ከሹሞቹ ያገናኘኝ፤ በባዶ እጅ ደጅ አይጠናም» አሉኝ። «ኧረ አያ! ልጄ ያየውን ይጽፋል እንጂ በር አያስከፍትም» አልኋቸው። «ጋዜጣው ራሱ በልጅሽ በኩል ተመዝገቡ እያለ?» ብለው ሙክቱን አስረውት ሄዱ።

ሣር እሰጠዋለሁ። ለማረድም ለመመለስም እጄ እንቢ አለኝ። ለመስቀል ስትመጣ ገመዱን አንተው ፍታው።

እመቤቴ በጥላዋ ትያዝህ።

እናትህ ወይኒቱ